ለዕፅዋት ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪ አራት ኪሎ ልገባ ነው፤ ይህን ክረምት በምን ላሳልፈው?

ጥያቄ፦ መምህርት ከቀበና

ሰላም ለሁላችሁ። ቀበና አካባቢ በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስድስት ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ። ዘንድሮ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን አልፌ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አራት ኪሎ ግቢ በዕፅዋት ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪዬን እንድማር ተቀባይነት አግኝቻለሁ፤ ምዝገባው እስኪደርስም ክረምቱ በሙሉ በእጄ ነው።

ወደዚህ ትምህርት የመራኝ ተማሪዎቼ ናቸው። በግቢያችን የበቀለውን ሁሉ እየጠቆሙ «መምህር፣ ይሄስ ምን ይባላል?» ሲሉኝ ወይራውንና ጽዱን እንደምንም ብመልስም፣ ከአጥሩ ሥር ስላለው ቁጥቋጦ ግን ከአማርኛ ስሙ ያለፈ የምነግራቸው ነገር አልነበረኝም።

ዕቅዴ የመጀመሪያ ዲግሪ ደብተሮቼንና መጻሕፍቴን ከካርቶን አውጥቼ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ መከለስ ነበር። ሁለት ሳምንት ሠርቼበት ገና የሴል ባዮሎጂን አልጨረስኩም፤ ያነበብኩትም ቶሎ ይጠፋብኛል። በዚህ ላይ ስታትስቲክስ ከድሮም አይቀናኝም፣ የምርምር ርዕስ የለኝም፣ አማካሪን አስቀድሞ ማነጋገር ተገቢ ይሁን ድፍረት አላውቅም። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ሰዎች ክረምቱን ምን ላይ ባውለው ትመክሩኛላችሁ? ማስተማሩንስ ጎን ለጎን መቀጠል የሚቻል ይመስላችኋል?

መልስ፦ የመስክ ሰው

እኅቴ፣ እንኳን ደስ አለዎት። ደብተሮቹን ወደ ካርቶኑ ይመልሷቸው ብል እንደ ስንፍና አይቁጠሩብኝ። የመጀመሪያው ዓመት ኮርሶች የሚያስፈልግዎትን ያህል ያስከልሱዎታል፤ ማንም መምህር ግን የማያስከልስዎት አንድ ነገር አለ፣ እሱም የዘመን አቆጣጠሩ ነው። የዕፅዋት ተማሪ ዓመቱን መቁጠር ያለበት በሴሚስተር ሳይሆን በአበባ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በደጋው የሀገራችን ክፍል አብዛኛው ሣርና ቅጠላ ቅጠል የሚያብበው ዝናቡ አባርቶ መሬቱ ውኃ እንደያዘ፣ ማለትም ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። የሁለት ዓመት ፕሮግራም ውስጥ ይህ ወቅት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ የመጀመሪያው ገና ክፍል እየለመዱ ሳለ ያልፋል፣ ስለዚህ ለመመረቂያ ጽሑፍዎ የሚሆንዎት አንድ ብቻ፣ የሁለተኛው ዓመት መስከረም ነው። በዚያ መስከረም መስክ ለመውጣት ደግሞ ፕሮፖዛሉ ከዚያ በፊት ባለው ክረምት መጽደቅ፣ የመስክ ፈቃዱና የጉዞው ገንዘብም መዘጋጀት ይኖርበታል።

ይህን የምጽፈው ስለደረሰብኝ ነው። እኔ ሁለተኛ ዲግሪዬን ስማር ርዕስ ሦስት ጊዜ ለዋወጥኩና ፕሮፖዛሌ የጸደቀው በታኅሣሥ ሆነ። ጥር ላይ ደኑ ስደርስ ዛፉና ቁጥቋጦው እንዳለ ቢሆንም ከሥሩ ያለው ሁሉ ደርቆ ጭድ መስሎ ነበር። ከሰበሰብኳቸው ናሙናዎች ግማሽ ያህሉ አበባም ፍሬም ስላልነበራቸው ከቤተሰብ ደረጃ አልፎ ዝርያቸውን መለየት አልተቻለም፤ በተለይ ሣሮቹ። ሌላ መስከረም ጠበቅኩ፣ ሁለቱ ዓመት ሦስት ሆነ፣ ጥፋቱም ሙሉ በሙሉ የራሴ ነበር።

አሁን በክረምቱ ምን ይሥሩ? አንድ የታወቀ ተክል ይውሰዱና ስሙን እንደማያውቅ ሰው ሆነው ይፈልጉት። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት የተመዘገቡበት ትልቁ ሥራ ስምንት ቅጾች አሉት፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1980 ጀምሮ በአዲስ አበባና በስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲዎች ትብብር ተዘጋጅቶ፣ ከ1989 እስከ 2009 ታትሞ ያለቀ ነው። ዳማከሴን ይያዙ እንበል። የመለያ ቁልፉ፣ ማለትም በተከታታይ ጥያቄ ወደ ተክሉ ስም የሚያደርሰው የመጽሐፉ ክፍል፣ «ቅጠሉ ፊት ለፊት ነው ወይስ ተፈራራቂ? ግንዱ ድቡልቡል ነው ወይስ ባለ አራት ማዕዘን?» እያለ ሲጠይቅ እርስዎ በእጅ ሌንስ እያዩ ይመልሳሉ። መጨረሻው ኦሲመም ላሚፎሊየም መሆኑን አስቀድመው ስለሚያውቁ፣ ሌላ ቦታ ከደረሱ የተሳሳቱት የትኛው ጥያቄ ላይ እንደሆነ ወደ ኋላ ተመልሰው ያገኙታል። መልሱ በማይታወቅ ተክል መጀመር ግን ስህተትን ሳያውቁ ይዞ መሄድ ነው። እንዲህ ሆነው አሥር ተክል ከሠሩ፣ ቁልፉ የተጻፈበት እንግሊዝኛ ከነቃላቱ በእጅዎ ይገባል፤ ቃላቱን ብቻ ለመሸምደድ ብዙ ወር የፈጀ ሰው አውቃለሁ።

በዚያው ተክሉን ማድረቅም ይለማመዱ። አሮጌ ጋዜጣ፣ ካርቶን፣ ሁለት ጣውላና ገመድ ይበቃል። ክረምት ስለሆነ ጋዜጣውን በየቀኑ መቀየር እንዳይረሱ፤ አለዚያ ናሙናው ሻግቶ ያገኙታል። ለእያንዳንዱ ናሙና ከ1 የሚጀምር የራስዎን ቁጥር ይስጡ፤ ያ ቁጥር ዕድሜ ልክ ከእርስዎ ጋር ይቀጥላል እንጂ በየጉዞው እንደገና ከ1 አይጀመርም። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ከባሕር ጠለል በላይ ያለውን ከፍታና የአበባውን ቀለም እዚያው ይጻፉ፣ ቀለሙ ሲደርቅ ይጠፋልና።

መልስ፦ ቁጥር ወዳድ

ከላይ የተጻፈውን እስማማበታለሁ፤ በአንድ ነገር ግን እለያለሁ። የመስከረሙ ወቅት ያስፈራቸው ብዙዎች የመጀመሪያውን የተገኘ ርዕስ ይዘው ይሮጣሉ፤ ውጤቱም «የእገሌ ደን የዕፅዋት ስብጥር» የሚል፣ ዝርዝር እንጂ ጥያቄ የሌለው ጽሑፍ ይሆናል። የዩኒቨርሲቲው የመመረቂያ ጽሑፎች በድረ ገጹ ማከማቻ ስለሚገኙ ሦስት አራቱን ያንብቡና «ይህ ሰው የጠየቀው ምን ነበር?» ብለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ይሞክሩ። መጻፍ ያቃተዎት ጽሑፍ ከሁሉም በላይ ያስተምርዎታል።

ስለ ስታትስቲክሱ፦ ቀመሩን አይፍሩት፣ ቀመሩን ኮምፒውተር ይሠራዋል። የሚያስቸግረው ከመስክ በፊት መወሰን ያለበት አወቃቀር ነው። በእኛ ሀገር የደን ጥናት ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ፕሎት (ለጥናት የሚከለል ቁራሽ መሬት) 20 ሜትር በ20 ሜትር፣ ማለትም 400 ካሬ ሜትር ሲሆን፣ ለትንንሾቹ ዕፅዋት በአራቱ ማዕዘንና በመሃሉ 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆኑ አምስት ንዑስ ፕሎቶች ይጣላሉ። አሁን አንድ ተማሪ የቤተ ክርስቲያን ደንን ከአጠገቡ ካለው የግጦሽ መሬት ጋር ሊያወዳድር ፈልጎ ከደኑ አሥር፣ ከግጦሹ አሥር ፕሎት ወሰደ እንበል። ሃያ ፕሎት ስላለው ብዙ መረጃ የያዘ ይመስለዋል። ነገር ግን ያወዳደረው አንድን ደን ከአንድ የግጦሽ መሬት ጋር ነው፤ ስለ ቤተ ክርስቲያን ደኖች በጠቅላላው ለመናገር ከፈለገ የሚያስፈልጉት ብዙ ፕሎቶች ሳይሆኑ ብዙ ደኖች ናቸው። ይህን ስህተት በዲፌንስ (የመመረቂያ ጽሑፉ በፈታኞች ፊት በሚቀርብበት) ቀን ማስተካከል አይቻልም፤ ወረቀት ላይ ሳለ ግን በእርሳስ ይስተካከላል።

ለልምምድ በትምህርት ቤትዎ ግቢ ያሉትን ዛፎች ይለኩ። ሜትር ይያዙና ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ የግንዱን ዙሪያ ለክተው ለ3.14 ያካፍሉ፤ ዙሪያው 94.2 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጽድ 30 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አለው ማለት ነው። ሠላሳ አርባ ዛፍ ሲሆንልዎት በኤክሴል ያስገቡት፤ አንድ ዛፍ አንድ መሥመር ይያዝ፣ ሴሎችን አያዋህዱ፣ ከቁጥሩ አጠገብ «ሴ.ሜ.» ብለው አይጻፉ። ከዚያ አር የተባለውን ነጻ ሶፍትዌር ጭነው ያንኑ ሠንጠረዥ ያስነብቡት። እርስዎ ራስዎ የለኩት ቁጥር ሲሆን ግራፉ የተሳሳተ መሆኑን በዓይን ያውቁታል፤ ከመጽሐፍ በተወሰደ መረጃ ግን ሶፍትዌሩ ያለውን ሁሉ ማመን ይመጣል።

መልስ፦ የማስረጃ ነገር

እኔ የምጨምረው ሳይንስ አይደለም። የመጀመሪያ ዲግሪዎን ያገኙት ከክፍለ ሀገር ከሆነ፣ ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር በቀጥታ እንዲላክ መጠየቅና የወጪ መጋራት ጉዳይን መጨረስ ዛሬ ነገ የማይባል ሥራ ነው። በአካል መሄድ ካለብዎ መንገዱ ሳይበላሽ ይሂዱ። ከመሥሪያ ቤትዎም የትምህርት ፈቃዱን በጽሑፍ ይያዙ፤ ርዕሰ መምህሩ በቃል «ችግር የለም» ያሉት ነገር፣ እርሳቸው ሲዛወሩ አብሮ ይዛወራል።

ማስተማሩን በተመለከተ፣ በመደበኛው ፕሮግራም ከተመዘገቡ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይዞ መማር በእኔ ልምድ አልሆነም። ኮርሱና የላቦራቶሪ ሰዓቱ ቀኑን ይበታትነዋል፤ ማታ ደግሞ የፈተና ወረቀት እያረሙ ምርምር ማንበብ አይሆንም። ቅዳሜ ማስጠናት ግን ይቻላል፤ የቤት ኪራዩን ያህል ባይሆንም የታክሲና የፎቶ ኮፒውን ይሸፍናል።

መምህርት ከቀበና፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትራንስክሪፕቱን ከነገ ጀምሮ እከታተላለሁ። ዛፎቹን መለካት ከተማሪዎቼ ጋር የምሠራው ሆኖ ስላገኘሁት እጅግ ደስ ብሎኛል። ያልተመለሰልኝ የአማካሪው ጉዳይ ነው። ያልተመዘገበች ተማሪ የፕሮፌሰር በር ብታንኳኳ ድፍረት አይሆንም ወይ?

መልስ፦ አዛውንቱ

ልጄ፣ ድፍረት የሚሆነው ባዶ እጅ መሄድ ነው። በማስተማር በቆየሁባቸው ዓመታት ወደ ቢሮዬ የመጣው አብዛኛው ተማሪ «የሰጡኝን ርዕስ እሠራለሁ» ይለኝ ነበር። ትሕትና መስሎት ነው፤ እኔ የምሰማው ግን «እርስዎ ያስቡልኝ» የሚል ነበር። አንዲት ተማሪ ግን ከዓመታት በፊት ካሳተምኩት ጽሑፍ አንድ ሠንጠረዥ ገልብጣ መጥታ፣ «ይህ ተክል ከዚህ ከፍታ በላይ አልተገኘም ብለዋል፤ እኔ ግን በአያቴ መንደር ከዚያ በላይ አይቼዋለሁ» አለችኝ። ትክክል ሆና አልተገኘችም፣ ያየችው ዘመዱን ነበር። ቢሆንም በዚያው ቀን ተማሪዬ ሆነች።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። የክፍሉ መምህራን ምን እንደሚሠሩ ጽሑፎቻቸውን እያየሽ ለዪ፤ የአራት ኪሎው የሳይንስ መጽሔት ሲኔትም ጥሩ መነሻ ነው። ከአንዱ ወይም ከሁለቱ ሥራ ላይ ያልገባሽን ወይም ያላመንሽበትን አንድ ነገር ይዘሽ፣ ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ጽፈሽ ቀጠሮ ጠይቂ። ስትገናኙ ሁለት ነገር ጠይቂ፦ በአሁኑ ጊዜ ስንት ተማሪ እንደሚያማክሩና ለመስክ ሥራ የሚሆን ገንዘብ ያለው ፕሮጀክት እንዳላቸው። ሁለተኛውን መጠየቅ ነውር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ እኔ ግን በገዛ ደመወዙ መኪና ተከራይቶ መስክ ወጥቶ መሃል መንገድ ላይ ገንዘብ ያለቀበት ተማሪ አስታውሳለሁና ነውሩ አለመጠየቁ ይመስለኛል።

በግቢው ውስጥ ብሔራዊው ሄርባሪየም፣ ማለትም የደረቁ ዕፅዋት ናሙናዎች ማከማቻ፣ አለ። ገብተሽ ማየት ይፈቀድልሽ እንደሆነ ጠይቂ፤ ከተፈቀደልሽ ከፕሮፌሰሮቹ በፊት እዚያ ከሚሠሩት ባለሙያዎች ጋር ተዋወቂ። ናሙና ሲቸግርሽ የምትሮጪው ወደ እነሱ ነው። የመስክ ሰው በጥር ይዞት የሄደውን ጭድ ያየውም ከእነሱ አንዱ ሳይሆን አይቀርም።

የመስክ ሰው፦

አባታችን፣ አይተውታል፤ ስቀውብኛልም። በነገራችን ላይ መምህርት፣ ዳማከሴ የሚገኝበት የላሚያሴ ቤተሰብ በ5ኛው ቅጽ ውስጥ ነው። ሌሎቹን ቅጾች ለጊዜው ይተዉአቸው።

መምህርት ከቀበና፦

የ5ኛውን ቅጽ ገጾች ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ አግኝቼ ትናንት ማታ ጀመርኩ። ባለ አራት ማዕዘኑ ግንድና ፊት ለፊት የቆሙት ቅጠሎች ቤተሰቡ ላይ በቀላሉ አደረሱኝ። ከዚያ በኋላ ግን ቁልፉ ስለ አበባውና አበባውን ስለያዘው ጽዋ ብቻ መጠየቅ ጀመረና ቆምኩ። የጎረቤቴ ዳማከሴ አንድም አበባ የለውም፤ ክረምት በገባ ቁጥር የሰፈሩ ሰው ሁሉ ለምች እያለ ጫፍ ጫፉን ስለሚቀነጥበው ቅጠል እንጂ ሌላ ነገር ለማውጣት ጊዜ አላገኘም። ዛሬ ጠዋት እማማን ለምኜ በአጥሩ በኩል ያለውን አንድ ቅርንጫፍ በቀይ ክር አስሬበታለሁ፤ እስኪያብብ ድረስ ማንም እንዳይነካው ቃል ገብተውልኛል።