የስኮፕ ቀለበቶችን ከመግጠም በፊት ውስጣቸውን መፋቅ ያስፈልጋል?

ጥያቄ (ከሚኔሶታ)፦ ጤና ይስጥልኝ። በኖቬምበር ለሚከፈተው የአጋዘን አደን በጠመንጃዬ ላይ ቱቦው 30 ሚሊሜትር የሆነ ስኮፕ (የማነጣጠሪያ መነጽር) ልገጥም ነው። ስኮፑን አቅፈው የሚይዙት ቀለበቶች የሚታሰሩበት መቀመጫ አንድ ወጥ ሐዲድ ሳይሆን ከፊትና ከኋላ ለየብቻ የሚታሰር ነው። ጓደኛዬ የቀለበቶቹን ውስጥ ካልፋቅኸው ቱቦው ይጫጫራል ሲለኝ፣ ሻጩ ደግሞ ፈጽሞ አያስፈልግም አለኝ። የማንን ልስማ? ብሎኖቹንስ ምን ያህል ላጥብቅ?

መልስ 1 (ከቴክሳስ)፦ መቀመጫው ሁለት ከሆነ እኔ ሁልጊዜ እፍቃለሁ። ልኩ 30 ሚሊሜትር የሆነ የብረት ዘንግ ላይ ደቃቅ የሚሞርድ ቅባት ቀብተው በታችኞቹ ግማሽ ቀለበቶች ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያመላልሱት፤ ከውስጠኛው ገጽ ሦስት አራተኛው ያህል ሲያብረቀርቅ ያቁሙ። ቅባቱ ወደ ጠመንጃው አካል እንዳይወርድ አስቀድመው በጨርቅ ይሸፍኑት።

መልስ 2 (የማሽን ሠራተኛ፣ ከቨርጂኒያ)፦ ወንድሜን አክብሬ፣ ከመፋቅ በፊት መለካት ይቀድማል እላለሁ። የተፋቀ ብረት አይመለስም፤ ቀለበቱ በሰፋ ቁጥር ቱቦውን የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል፣ የአሉሚኒየሙም መከላከያ ሽፋን ይነሣል። ጠመንጃው ውስጥ ጥይት አለመኖሩን አረጋግጠው ያንኑ ዘንግ በቀለበቶቹ ላይ ያስተኙ፣ የፊተኛውን ክዳን ብቻ ያጥብቁ፣ ከዚያም በኋለኛው ቀለበትና በዘንጉ መካከል ብርሃን ያልፍ እንደሆነ ይመልከቱ፤ ካለፈ ሁለቱ ቀለበቶች በአንድ መስመር ላይ አይደሉም። ጫፋቸው በሾለ ሁለት ዘንጎች መለካት የተለመደ ቢሆንም እኔ አላምነውም፤ ዘንጎቹ እርስ በርሳቸው ዘንበል ብለውም ጫፎቻቸው ሊገናኙ ይችላሉና። በውስጣቸው የፕላስቲክ ማቀፊያ ያላቸው፣ እንደ በሪስ ሲግኔቸር ያሉ ቀለበቶች ግን ማቀፊያው ራሱ እየዞረ ስለሚስተካከል በፍጹም አይፋቁም።

ጠያቂው፦ እንዳሉኝ አደረግሁ። በኋለኛው ቀለበት በግራ በኩል ቀጭን ብርሃን ያልፋል።

መልስ 2፦ እንግዲያው ጥፋቱን ከቀለበቱ ሳይሆን ከመቀመጫው ይፈልጉ። የኋላውን መቀመጫ ፈትተው በሥሩ የቀረውን ዘይትና ቆሻሻ በአሴቶን ያጽዱ፣ መልሰው አስረው እንደገና ይለኩ። ከዚያም በኋላ ጥቂት ክፍተት ከቀረ ብቻ በስሱ ይፍቁ፤ የትኛው ቀለበት የፊት፣ የትኛው የኋላ እንደሆነም ምልክት ያድርጉ፤ ከተፋቁ በኋላ ቦታ መለዋወጥ የለባቸውም።

መልስ 3 (ከኮሎራዶ)፦ ስለ ብሎኖቹ ልጨምር። የመቀመጫው ብሎን አምራቹ በጻፈው ልክ ይጠብቃል። የቀለበቱ ክዳን ግን በአብዛኛው ከ15 እስከ 18 ኢንች ፓውንድ፣ ማለትም 2 ኒውተን ሜትር ገደማ ይበቃዋል፤ ይህም በእጅ ግምት ስለማይታወቅ ኃይል በሚለካ መፍቻ ይሥሩ። ብሎኖቹን በማዕዘን እያፈራረቁ ጥቂት በጥቂት ያጥብቁ፣ በሁለቱም ጎን ያለው ክፍተት እኩል ይሁን። የብሎን ማጣበቂያ በክዳኑ ብሎኖች ላይ አያድርጉ፤ እርጥብ ሳለ ስለሚያንሸራትት በዚያው ልክ ሲያጠብቁ ቱቦውን ከሚገባው በላይ ይጨምቀዋል።