ጥቆማ፦ ጋራንቲው ባለቀ ማግስት የሞተ ቲቪ፣ የት ላሠራ? ወይስ አዲስ ልግዛ?

የሰሚቷ፦ ወገኖች፣ 43 ኢንች ቲቪያችን ድምፅ አለው፣ ምስል የለውም። የአንድ ዓመት ጋራንቲው ያለቀው ገና ባለፈው ወር ነው። የሸጠልን ሱቅ «ጊዜው አልፏል» ብሎ ሸኘን። ከሰሚት እስከ መገናኛ የሚታመን ጥገና ቤት የምታውቁ? አዲስ ከተገዛስ የቱ ይበረክታል?

አያት 49፦ እህቴ፣ ያንቺስ ቲቪ ነው። የኔ ልብስ ማጠቢያ ጋራንቲው ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ውሃ አልደፋም አለ። ደወልኩ። «ቴክኒሻን እንልካለን» አሉ። ዛሬ ነገ ሲሉ ጋራንቲው አለቀ፤ ሰውየውም ያኔ መጣ! ቦርዱ ይቀየር አለና የጠራው ዋጋ ጉድ ነው። አሁን በእጄ አጥባለሁ። ማሽኑ ላይ ቴርሞስ ይቀመጥበታል።

ቶክቶኬ፦ የሱቁን ስም ጥሪው እንጂ!

አያት 49፦ ይቅርብኝ፣ ነገር አልፈልግም።

የመርካቶ ልጅ፦ ትልልቅ ሱቅ ስለምትሄዱ ነው። እኔ ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ የምገዛው መርካቶ ካለ አንድ ሰውዬ ነው። ወረቀት የለም፣ ጋራንቲው ቃሉ ነው።

ቶክቶኬ፦ ተበላሽቶብህ አያውቅም?

የመርካቶ ልጅ፦ ፍሪጁ ሁለቴ። አሠርቼዋለሁ። በራሴ ብር ነው፣ ግን ሰውዬው ቡና ጋብዞኛል።

ቶክቶኬ፦ እሺ፣ ጋራንቲው ቡናው ነው ማለት ነው 😂

ሕግ አዋቂ፦ በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስ ማለት ይችላል። ደረሰኝ ያዙ።

አያት 49፦ እሷ ዓመት ከወር ሆኗታል፣ አንተ 15 ቀን ትላለህ!

ካውያ፦ ወደ ጥያቄው እንመለስ። የሰሚቷ፣ ክፍሉን አጨልሚና ቲቪውን ክፈቺው። የስልክሽን መብራት ስክሪኑ ላይ አስጠግተሽ አብሪ። ደብዘዝ ያለ ምስል ከታየሽ ፓኔሉ፣ ምስሉን የሚያሳየው ስክሪን፣ ደህና ነው፤ የሞተው ባክላይቱ፣ ከኋላው የሚያበራለት መብራት ነው። አምፖሎቹ በተከታታይ ስለሚያያዙ አንዷ ስትቃጠል ሌሎቹም አብረው ይጠፋሉ። ይጠገናል። ግን አንዷን ብቻ ልቀይርልሽ የሚል ካለ እለፊው፤ የቀሩትም ተራቸውን እየጠበቁ ነው። አምፖሎቹ የተደረደሩበት ስትሪፕ በሙሉ ይቀየር። ከዚያ ባክላይቱን በሴቲንግ ወደ ግማሽ አውርጂው፣ አምፖሎቹን የሚጨርሳቸው ሙቀት ነው። ስክሪኑ ራሱ ከተሰነጠቀ ግን ብርሽን አታባክኚ፣ የፓኔል ዋጋ ከአዲስ ቲቪ ብዙ አይርቅም።

መብራት ሲሄድ ደግሞ ሶኬቱን ንቀሉ። ከተመለሰ በኋላም ትንሽ ቆይታችሁ ሰኩ። ፍሪጅም እንደዚያው።

እናት ጓዳ፦ ስታቢላይዘር አለኝ፣ 1000 ዋት። ምጣድ ይችላል?

ካውያ፦ ኧረ በፍጹም! ምጣድ ብቻውን 3500 ዋት ገደማ ይበላል። ደግሞ ምጣድ ስታቢላይዘር አያስፈልገውም።

እናት ጓዳ፦ ተባረክ። ምጣዱ ግን አንድ ጎኑ አያበስልም፣ ምን ይሆን?

የሰሚቷ፦ ካውያ፣ ሞከርኩት። ምስሉ ይታያል! ባለቤቴ ግን አዲስ ካልተገዛ እያለ ነው። እስቲ እንነጋገርበት።

ቶክቶኬ፦ መጨረሻውን ንገሪን።

የመርካቶ ልጅ፦ አዲስ ከሆነ እኔ ሰውዬው ጋ እወስዳችኋለሁ።