ለበጎ ፈቃደኞች ስብስባችን የሥነ ምግባር ደንብ ስናረቅቅ ቅሬታውን ማን ይቀበል?

አራሚ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ነፃ ሶፍትዌሮችን በጋራ የሚተረጉም የሠላሳ ያህል በጎ ፈቃደኞች ስብስብ አስተባብራለሁ። እስካሁን «ሁላችንም እንተዋወቃለን» እያልን የተጻፈ ደንብ ሳይኖረን ቆይተናል። በቅርቡ ግን ከማናችንም በላይ የሚሠራ አንድ ነባር አባል በጀማሪዎች ትርጉም ሥር «ይህን የጻፈው ሰው ለመሆኑ ቋንቋውን ያውቀዋል?» የሚሉ ዓይነት አስተያየቶችን ማስፈር አዘወተረ፤ ሁለት አዲስ አባላትም የጀመሩትን ሳይጨርሱ፣ ቅሬታቸውንም ሳይናገሩ ቀሩ። መቅረታቸውን ያስተዋልነው ከሳምንታት በኋላ ነው። አሁን ደንብ እያረቀቅሁ ነው፤ የተከለከሉትን ድርጊቶች መዘርዘር ብዙም አላስቸገረኝም፣ ቅሬታው ለማን ይቅረብ፣ ከዚያስ ምን ይደረግ የሚለው ግን አላራምድ ብሎኛል። ሌሎች ያዘጋጁትን ደንብ እንዳለ መውሰድስ ያዋጣል?

ብራና፦
መውሰዱ ነውር የለውም። ኮንትሪቢዩተር ከቨናንት የተባለው ደንብ እ.ኤ.አ. በ2014 ከወጣ ወዲህ ብዙ የክፍት ምንጭ፣ ማለትም ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ የሶፍትዌር ፕሮጀክቶች ተቀብለውታል፤ የሊኑክስ ከርነል (የሊኑክስ ሥርዓተ ክወና እምብርት) አልሚዎችም እ.ኤ.አ. በ2018 የቀድሞ አጭር ሰነዳቸውን በእርሱ ተክተዋል። ለእርስዎ ጉዳይ የሚጠቅመው ሁለተኛው እትሙ ነው፤ እርምጃዎቹን በአራት ደረጃ ከፍሎ ከእርማት ወደ ማስጠንቀቂያ፣ ከዚያም ወደ ጊዜያዊና ወደ ዘላቂ እገዳ ይወስዳቸዋል። የነባሩ አባልዎ ጉዳይ ከመጀመሪያው ደረጃ ያልፋል ብዬ አላስብም፤ ጥፋቱ ምን እንደሆነና ለምን ተገቢ እንዳልሆነ በግል፣ በጽሑፍ ይነገረዋል። አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። በዚያ ደንብ ውስጥ የቅሬታ ተቀባዩ አድራሻ እንዲሞላበት የተተወ ክፍት ቦታ አለ፤ እርሱን እንኳ ሳይሞሉ የለጠፉ ፕሮጀክቶች አይቻለሁ።

ዝምተኛ፦
ሠላሳ ሰው ፍርድ ቤት የሚያስፈልገው አይመስለኝም። አስተባባሪው ሰውየውን ጠርቶ ቢያነጋግረው አይበቃም ወይ?

ሸማኔ፦
ሰውየው የሚሰማ ከሆነና አስተባባሪውም የሚደፍረው ከሆነ ይበቃ ይሆናል። እኔ በነበርሁበት አንድ ስብስብ ቅሬታ ይላክበት የተባለውን የኢሜይል ሳጥን ከሚከፍቱት ሦስት ሰዎች አንዱ ቅሬታ የሚቀርብበት ሰው ራሱ ነበር፤ ደንቡ ያማረ ቢሆንም አንድም ደብዳቤ አልመጣበትም፣ እኛም ሰላም ስለሆንን መስሎን ነበር። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ተቀባዮች ይኑሩ፣ አንዳቸው ከአስተባባሪዎች ወገን ባይሆኑ ይመረጣል፣ ጉዳዩ የሚነካው ተቀባይም ከጉዳዩ እንዲወጣ በግልጽ ይጻፍ። ቅሬታው ስለ እርስዎ ስለራስዎ ቢሆን ለማን እንደሚሄድም ደንቡ ይናገር። የረስት ፕሮግራሚንግ ቋንቋ የሥነ ምግባር ጉዳዮችን የሚከታተለው ቡድን እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 በአንድነት ሥራውን የለቀቀው፣ ዋናው የአመራር ቡድን ከራሱ በቀር ለማንም ተጠያቂ አይደለም ብሎ ነው። የቃላቱንም ነገር አደራ፤ «ጨዋ እንሁን» የሚል ዓረፍተ ነገር ማንንም አያስርም፣ ምክንያቱም ያ ነባር አባል ራሱን ጨዋ አድርጎ ሳይቆጥር አይቀርም።

አራሚ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። «ጨዋ እንሁን» የምትለዋን ሰርዤ «የሥራ ባልደረባን ትርጉም ስናርም ስለ ጽሑፉ እንጂ ስለ ጸሐፊው አስተያየት አንሰጥም» በሚል ተክቻታለሁ። ሁለት ተቀባዮች በአባላት ድምፅ ለአንድ ዓመት ይመረጣሉ፤ ቅሬታው መድረሱን በሦስት ቀን ውስጥ ለላኪው ያሳውቃሉ፣ ስሙንም ያለፈቃዱ አይገልጡም። የቀረኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ ከደንቡ በፊት የተጻፉት አስተያየቶች በደንቡ ይታያሉ?

ሸማኔ፦
ባልነበረ ደንብ ማንንም መቅጣት አይገባም፤ ነገር ግን ደንቡ ከመጽደቁ በፊት ረቂቁን ለእርሱ ቀድመው ያሳዩት፣ ያቺን ዓረፍተ ነገር ያስጻፈዎ የትኛው አስተያየቱ እንደሆነም ሳይሸፋፍኑ ይንገሩት። ለሁለቱ ጀማሪዎች ደግሞ ዛሬውኑ ይጻፉላቸው።