ታይ ቺን ማን ጀመረው? መነኩሴው ወይስ መንደሩ?

የክርክሩ መነሻ፦ ብዙ አሰልጣኞች ታይ ቺ የሚባለውን የቻይና የፍልሚያ ጥበብ የፈጠረው በቻይና ዉዳንግ ተራራ የኖረው የዳኦ (የቻይና ነባር እምነት) መነኩሴ ዣንግ ሳንፌንግ ነው ይላሉ። እባብና ወፍ ሲጣሉ፣ እባቡም እየተጠማዘዘ ከወፏ ጥቃት ሲያመልጥ አይቶ ስልቱን አገኘው ይባላል። ይህ ለተማሪ እንደ ታሪክ ይነገር?

ታሪክ ወዳድ፦ በፍጹም! የዣንግ ስም ከፍልሚያ ጥበብ ጋር ተያይዞ መጀመሪያ የምናገኘው እ.ኤ.አ. በ1669 ምሁሩ ሁዋንግ ዞንግሺ ለአንድ ሟች በጻፈው የመቃብር ጽሑፍ ላይ ነው። እዚያም ስለ ታይ ቺ አንዲት ቃል የለም። መነኩሴው ስልቱን በሕልሙ ከአምላክ ተማረ፣ በማግስቱ ብቻውን ከመቶ በላይ ሽፍቶች ገደለ ነው የሚለው። ይህን ታሪክ ነው ብሎ ማስተማር ተማሪን መናቅ ነው።

የማለዳ ሰልጣኝ፦ ወንድሜ፣ ማስረጃውን አልክድም። ግን ከምንሠራቸው እንቅስቃሴዎች አንዱ ወፍ ክንፏን ስትዘረጋ፣ ሌላው እባብ ዝቅ ብላ ስትሳብ ነው። እኔ የእባቡን ታሪክ ስሰማ ጉልበትን በጉልበት መመለስ ለምን እንደማያስፈልግ ወዲያው ገባኝ። ማብራሪያ ቢደረደርልኝ እንዲህ አይገባኝም ነበር።

ታሪክ ወዳድ፦ እሺ እህቴ፣ መንደሩስ? እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ተመራማሪው ታንግ ሃዎ በቻይና ሄናን ክፍለ ሀገር ወዳለችው የቼንጂያጎው መንደር ሄዶ አጥንቷል። መሥራቹ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ወታደር ቼን ዋንግቲንግ ነው አለ። ታዋቂው መምህር ያንግ ሉቻንም ከዚያው ተምሮ ነው ቤጂንግ ገብቶ ያኔ ቻይናን ይገዙ ለነበሩት ለማንቹ መኳንንት ያስተማረው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2020 በቅርስነት ሲመዘግበው መነሻው ቼንጂያጎው ናት ብሏል። የስንት ትውልድ ልፋት ለአንድ መነኩሴ ሲሰጥ ያሳዝናል።

አሰልጣኝ፦ ቆይ፣ እሱም ቢሆን ያለቀለት ነገር አይደለም። የቼን ዋንግቲንግ ማስረጃ በዋናነት በቤተሰቡ የዘር መዝገብ ላይ የሰፈረ ማስታወሻና የእሱ ነው የሚባል ግጥም ነው። ከእሱ በፊት፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ ጄኔራል ቺ ጂጓንግ ለወታደሮቹ 32 አቋሞች ጽፎ ነበር። ታንግ ሃዎ ራሱ ከእነዚህ 29ኙን በቼን ቤተሰብ የታይ ቺ ስልት ውስጥ አግኝቷቸዋል። ጄኔራሉም ከነባር ስልቶች ነው የመረጠው። እና አንድ ፈጣሪ የግድ መፈለግ ለምን አስፈለገ?

የማለዳ ሰልጣኝ፦ በዚህ እስማማለሁ። ዛሬ ዓለም ላይ በየፓርኩ የሚሠራው ባለ 24 እንቅስቃሴ ታይ ቺ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1956 በቻይና የስፖርት ባለሥልጣናት የተዘጋጀ ነው። ግን መነኩሴውን አታስወጡብኝ። አፈ ታሪክ መሆኑ ይነገር፣ ከጎኑ የቼንጂያጎው ሰዎችም ይጠሩ።

ታሪክ ወዳድ፦ ቅደም ተከተሉ ከተቀየረ ብቻ። መጀመሪያ መንደሩ፣ ከዚያ መነኩሴው።