በአንድ ጋዝ ብቻ በሚነድ ቶርች የብርጭቆ ዶቃ መሥራት፦ ደብረ ብርሃን ላይ ነበልባሉ ለምን ይደክማል?

ጥያቄ፦ የጠባሴዋ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ሲሆን የአንገት ጌጥ እየሠራሁ ለከተማው ሱቆችና ወደ አንኮበር ለሚሄዱ ጎብኚዎች አቀርባለሁ። እስካሁን ዶቃውን የማመጣው ከመርካቶ ነበር፤ ይሁን እንጂ እኔ የምሸጠው ዶቃ ሌላውም ዘንድ የሚገኝ በመሆኑ የራሴን በእጄ ለመሥራት ቆርጬ ተነሥቻለሁ። ኦክስጅን የማይፈልግ፣ ጋዙን ከሲሊንደር ወስዶ አየሩን ከአካባቢው የሚስብ ቶርች አግኝቻለሁ። የምጠቀመው የማብሰያ ቡታጋዝ ነው፤ ቶርቹንም ያገናኘሁት በምድጃዬ ሬጉሌተርና ጎማ ነው። ብርጭቆውን በተመለከተ የተሰበረ ጠርሙስ፣ የመስኮት መስታወት፣ እንዲሁም ዘመድ ከውጭ ያመጣልኝ ባለቀለም የጣሊያን ዘንግ አለኝ።

ነበልባሉ ለስላሳና ጫፉ ቢጫ ነው። ብርጭቆው እስኪለሰልስ ድረስ እጅ ይዝላል፤ ንጹሕ የነበረው ብርጭቆ ጥቀርሻ የነካው ይመስል ግራጫ ይሆናል፤ የፈሩዝ ቀለም ያለው ዘንግ ደግሞ ላዩ እንደ ሸክላ ይቀላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት፣ ውርጩ ሳይለቅ ስጀምር ነገሩ ይብሳል። ከዚህም ሌላ አመድ ውስጥ ቀብሬ ያሳደርኳቸው ዶቃዎች ሲነጋ ተሰንጥቀው ይገኛሉ፤ በተለይ በጠርሙስ ብርጭቆ ላይ ባለቀለም ነጠብጣብ ያስቀመጥኩባቸው አንዳቸውም አይተርፉም። ይህ ሁሉ የሚመጣው ከከተማችን ከፍታ ነው? የኦክስጅን ሲሊንደር ለመግዛት አቅሜ ስለማይፈቅድ፣ ባለኝ መሣሪያ መፍትሔ ካለው ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፦ በያጁ

እኅቴ፣ ከፍታው ድርሻ አለው፤ መጀመሪያ መታየት ያለበት ግን ሬጉሌተሩ ነው። የማብሰያ ሬጉሌተር ጋዙን ወደ 30 ሚሊባር ገደማ አውርዶ ነው የሚለቀው፤ ይህም ለምድጃ የሚሆን ግፊት ነው። እርስዎ የያዙት ዓይነት ቶርች ግን የሚሠራው ጋዙ በጠባብ ቀዳዳ በኃይል ሲወጣ በጎን ባሉት ክፍተቶች አየር ጎትቶ እንዲያስገባ ነው። ግፊቱ ሲያንስ ጋዙ አየሩን መጎተት ስለሚያቅተው ሳይቃጠል የሚቀረው ካርቦን ብርጭቆው ላይ ያርፋል። ግራጫው የሚመጣው ከዚህ ነው። ፈሩዙን የሚያቀላውም ይኸው የአየር እጥረት ነው፤ ቀለሙ የተገኘው ከመዳብ ስለሆነ፣ አየር ያነሰው ነበልባል ኦክስጅኑን ሲቀማው መዳቡ ላዩ ላይ ይወጣል።

የሚያስፈልግዎ የሚስተካከል የከፍተኛ ግፊት ሬጉሌተር ነው፤ ጣሪያ ላይ ሬንጅ በእሳት የሚያነጥፉ ባለሙያዎች የሚይዙት ዓይነት ማለቴ ነው። ጎማውም ለዚያ ግፊት የተሠራ መሆን አለበት፤ የምድጃውን ጎማ በፍጹም አይጠቀሙ። መጋጠሚያውን ሁሉ በሳሙና አረፋ ይፈትሹ። ቡታጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈተልክ ወለል ላይ ይተኛል እንጂ ወደ ላይ አይሄድም፤ ስለዚህ ሽታው አፍንጫዎ ሳይደርስ እሳት ሊያገኘው ይችላል።

ወደ ከፍታው ስመለስ፣ ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከ70 በመቶ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ስለሆነች እዚያ 85 በመቶ ያህል ይደርሳል። ጋዙ በሲሊንደሩ ግፊት እንደ ልቡ ሲወጣ የሚስበው አየር ግን ሳስቷል፤ በዚህ ምክንያት ያው ቶርች ሸዋ ሮቢት ላይ በሰማያዊ ሲነድ እዚህ ወደ ቢጫ ያደላል። ሬጉሌተሩ ከተለወጠ በኋላ ለዚህኛው መፍትሔው ጋዙን መጨመር ሳይሆን ጥቂት መቀነስ፣ የአየር መግቢያዎቹን ከአቧራ ማጽዳትና ብርጭቆውን ከቶርቹ አፍ ማራቅ ነው። ወደ አፉ የቀረበው የነበልባል ክፍል ገና አየር አልጠገበም፤ ከአፉ አራት ጣት ያህል ወጣ ብሎ ያለው ክፍል ከዙሪያው አየር አግኝቶ በሚገባ ይነዳል። ብርጭቆውን እዚያ ላይ ይዘው ያለማቋረጥ ያሽከርክሩ። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ቀለሙ ግን ንጹሕ ሆኖ ይወጣል።

የጠዋቱ ችግር የውርጩ ነው። በማብሰያ ጋዝ ውስጥ ያለው ቡቴን የሚፈላው ከዜሮ በታች ግማሽ ዲግሪ ገደማ ላይ ሲሆን ፕሮፔን ግን ከዜሮ በታች 42 ዲግሪ ላይ ነው። ስለዚህ በብርድ ጠዋት ቡቴኑ ወደ ጋዝ ለመለወጥ ይለግማል፤ ጋዙ በተቀዳ ቁጥር ደግሞ ሲሊንደሩ ራሱ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ትልቅ ሲሊንደር ከትንሹ ይሻላል፤ ፀሐይ ሞቅ ካለች በኋላ መጀመርም ይረዳል። ሲሊንደሩን ለብ ያለ ውኃ የያዘ ሳፋ ውስጥ ማቆም ይቻላል። እሳት ወይም ከሰል አጠገቡ ማድረግ ግን ሕይወት የሚያስከፍል ነገር ነው።

ብርዱን ፈርተው መስኮት ዘግተው እንደማይሠሩ ተስፋ አደርጋለሁ። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፤ አየር ያነሰው ነበልባል ደግሞ ይህንኑ በብዛት ያወጣል። ጋቢውን አውልቀው፣ ፀጉርዎን አስረው ይሥሩ። የብየዳ ጥቁር መነጽር ብርጭቆውን ራሱን ይሸፍንብዎታል፤ ለዚህ ሥራ የሚሆነው ብርጭቆ ሲግል የሚወጣውን የሶዲየም ቢጫ ብርሃን የሚያጣራው የዲዲሚየም መነጽር ነው።

ኦክስጅን አያስፈልግዎትም። ኦክስጅን የግድ የሚሆነው እንደ ላቦራቶሪ ዕቃ ያለውን ቦሮሲሊኬት ብርጭቆ ለሚሠራ ሰው ነው።

መልስ፦ የሸክላ እጅ

ስለ ነበልባሉ በቂ ተብሏል፤ እኔ ስለ መሰንጠቁ ልናገር። ማንኛውም ብርጭቆ ሲግል ይሰፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፤ የሚሰበሰብበት መጠን ግን እንደ ዓይነቱ ይለያያል። መጠኑ በቁጥር ይገለጻል፤ ቁጥሩ ሲበዛ ብርጭቆው አብልጦ ይሰፋል፣ አብልጦም ይሰበሰባል። ያ የጣሊያን ለስላሳ ዘንግ ብዙ ጊዜ 104 የሚል ቁጥር ይሰጠዋል፤ የጠርሙስና የመስኮት ብርጭቆ ደግሞ ከ90 በታች ነው የሚገኘው። ሁለቱን በአንድ ዶቃ ላይ ካዋሃዷቸው አንዱ ከሌላው አብልጦ ስለሚሰበሰብ፣ የቱንም ያህል በቀስታ ቢያቀዘቅዙት መሰንጠቁ አይቀርም። ባለ ነጠብጣቦቹ ያልተረፉት ለዚህ ነው። ከሁለት ፋብሪካ የወጡ ጠርሙሶችም ላይስማሙ ስለሚችሉ፣ አንድን ዶቃ ከአንድ ጠርሙስ ብቻ መሥራት ይመረጣል።

መስማማታቸውን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያሻም። ከሁለቱ ብርጭቆዎች ትንሽ ትንሽ ወስደው ጎን ለጎን ያጣብቁ፤ ሳያቀላቅሉ እስኪለሰልሱ ያግሉና በፒንሳ ቀጭን ክር አድርገው ይሳቡት። ክሩ ቀዝቅዞ ቀጥ ብሎ ከቀረ ሊስማሙ ይችላሉ፤ ከጎበጠ ግን አይስማሙም። የሚጎብጠውም አብልጦ ወደሚሰበሰበው ብርጭቆ በኩል ነው። ክሩን ጠረጴዛ ላይ ከማስመሪያ አጠገብ ሲያስቀምጡት ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

አንድ ዓይነት ብርጭቆ ሆኖም የሚሰነጠቅ ካለ፣ ምክንያቱ አቀዘቃዘዙ ነው። ዶቃውን ሠርተው ሲጨርሱ ወዲያው ከእሳት አያውጡት። በነበልባሉ ጫፍ እያሽከረከሩ ሙቀቱ ከላይም ከውስጥም እኩል ይሁንለት፤ ፍም መምሰሉ ሲጠፋ ብቻ ወደ አመዱ ያስገቡት። አመዱ ራሱ በብረት ድስት ውስጥ ቀድሞ የሞቀ፣ ደረቅና የተነፋ ይሁን። ቀዝቃዛ አመድ ዶቃውን ከማሞቅ ይልቅ ሙቀቱን ይነጥቀዋል።

ዶቃው ስለሚጠቀለልበት የብረት ዘንግ አልጠቀሱም። ለማይዝግ ብረት ብየዳ የሚሸጠው የ1.6 ወይም የ2.4 ሚሊሜትር ዘንግ ጥሩ ነው። ዶቃው ብረቱ ላይ ተጣብቆ እንዳይቀር በካኦሊን (ነጭ የሸክላ አፈር) እና በአሉሚና (የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ዱቄት) ቅይጥ ልባስ ይቀባል፤ ልባሱ እስከ ውስጡ ካልደረቀ በእንፋሎቱ ይፈነዳል። ቀዳዳውንም ሲያጸዱ ውኃ ውስጥ ነክረው ይሁን፤ ደረቅ ሆኖ የሚወጣው ብናኝ ለሳንባ ጠንቅ ነው።

የጠባሴዋ፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሬጉሌተሩንና ጎማውን ለውጬ ነበልባሉ ሰማያዊ ሆኗል፤ አራት ጣት አርቄ ስይዘው ፈሩዙ ፈሩዝ ሆኖ ቀረ። የጠርሙሱና የጣሊያኑ ዘንግ ክር እንደ ማጭድ ጎበጠ፤ ስለዚህ ለያይቻቸዋለሁ። የቀረኝ ጥያቄ፣ በሞቀ አመድ ብቻ የቀዘቀዘ ዶቃ ለደንበኛ ለመሸጥ ይበቃል ወይ የሚለው ነው። ከአንገት ላይ ተሰንጥቆ ቢወድቅ ስሜ ይጠፋል።

መልስ፦ የሸክላ እጅ

አይበቃም። አመድ መቀዝቀዙን ያዘገየዋል እንጂ በብርጭቆው ውስጥ የቀረውን ውጥረት አያስወግደውም። ዛሬ ደኅና የሚመስል ዶቃ ከወራት በኋላ ቢሰነጠቅ ሊደንቅዎ አይገባም። ደግነቱ፣ በአመድ ቀዝቅዘው ሳይሰነጠቁ የቆዩትን አጠራቅሞ በአንድ ጊዜ መልሶ ማሞቅ ይቻላል። ሙቀት መለኪያ ያለው ትንሽ የኤሌክትሪክ የሸክላ መተኮሻ ምድጃ ያለው ሰው ካገኙ፣ በኪራይም ቢሆን ይስማሙ። የጣሊያኑን ወደ 515 ዲግሪ፣ የጠርሙሱንና የመስኮቱን ወደ 550 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በቀስታ ያድርሱ፤ አንድ ሰዓት እዚያው ያቆዩት፤ ከዚያ በሰዓት 60 ዲግሪ ያህል እየቀነሱ 400 ላይ ሲደርስ ምድጃውን አጥፍተው ሳይከፍቱ ያሳድሩት። ሁለቱን ዓይነት በአንድ ላይ አያስገቡ፤ በ550 የጣሊያኑ ዶቃ ቅርጹ ሊነካ ይችላል። መሐል ላይ መብራት ቢጠፋ በሩን አይክፈቱ፤ ጡቡ የያዘው ሙቀት በአብዛኛው በቀስታ ያበርደዋል። መብራቱ ሲመለስ ሂደቱን ከመጀመሪያው መድገም ጉዳት የለውም።

መልስ፦ አንኮበሬ

እኔ ቶርች ይዤ አላውቅም፤ ነገር ግን ዶቃ በአገራችን ትልቅ ታሪክ ስላለው ነገሩ ስቦኛል። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራ ወደብ የአፋርን በረሃ አቋርጦ አንኮበር አጠገብ ካለው የአልዩ አምባ ገበያ የሚደርሰው ቅፍለት ከሚያመጣቸው ሸቀጦች አንዱ የብርጭቆ ዶቃ ነበር። ያን ጊዜ ከባሕር ማዶ ይመጣ የነበረው ነገር ዛሬ በሰሜን ሸዋ ሰው እጅ ሊሠራ መሆኑ እውነተኛ ደስታ ሰጥቶኛል።

የጠርሙስ ብርጭቆ በብዛት ካለዎት ግን፣ የጋናዎቹን ክሮቦዎች መንገድ እንዲያጤኑት እመክራለሁ። እነሱ ቶርች የላቸውም። ጠርሙሱን ወቅጠው ይነፉታል፤ ዱቄቱን በካኦሊን በተለቀለቀ የሸክላ ቅርጽ ጉድጓዶች ውስጥ ይሞላሉ፤ በየመሐሉ የካሳቫ ቅጠል ግንጥል (ቀጭን አገዳ) ያቆማሉ። ከጭቃ በተሠራ፣ በእንጨት በሚነድ ምድጃ ሲተኮስ ብርጭቆው እርስ በርሱ ይያያዛል፣ ግንጥሉ ነድዶ አመድ ይሆንና ቀዳዳው ይቀራል። ቀለሙ ከአንድ ጠርሙስ ከተወቀጠ የመስማማት ችግር የለም፤ ቅርጹንም የአካባቢያችን ሸክላ ሠሪዎች በቀላሉ ይሠሩልዎታል። ካሳቫ እዚህ ስለማይገኝ፣ ነድዶ ንጹሕ አመድ ብቻ የሚተው ማንኛውም ቀጭን ደረቅ የእህል አገዳ ሊሞከር ይችላል። ሲወቅጡ አፍና አፍንጫዎን በደንብ ይሸፍኑ፤ ከተቻለም ጥቂት ውኃ አርከፍክፈው ይውቀጡት።