ቪዲዮ ቤት ያደጋችሁ፣ ለልጆቻችሁ ምን ታሳያላችሁ?

ከቡሬ፣ አሁን ሲያትል፦

ሰላም የአገሬ ልጆች። ባለፈው ሳምንት አንድ ነገር ገጠመኝና እስካሁን ከራሴ ጋር እየተጨቃጨቅሁ ነው። እናንተ ፍረዱኝ።

ልጄ 11 ዓመቷ ነው። የክፍል ጓደኛዋ ልደት አለ፣ እዚያው ነው የምናድረው አለችኝ። ማደሩን ራሱ በስንት ንዝንዝ ነው የፈቀድኩት። እኛ አገር ልጅ ከዘመድ ቤት ውጭ የት ያድራል? ከዚያ ሐሙስ ዕለት የልጅቷ እናት መልእክት ላከችልኝ። ማታ ልናሳያቸው ያሰብነው ፊልም ፒጂ 13 የሚባል የዕድሜ ምልክት ያለበት ነው፣ ልጆቹ ደግሞ 13 አልሞላቸውም፣ ቅር የሚልህ ከሆነ ሌላ እንመርጣለን ትላለች። ቀጥላ፣ ፊልሙ ውስጥ ሁለት ቦታ ላይ የሚያስደነግጥ ነገር አለ፣ እንድታውቀው ብዬ ነው ትላለች። ሁለት ቦታ! ቆጥራዋለች እኮ።

ስልኩን ይዤ ፍዝዝ ብዬ ቀረሁ። እኔ በዘጠኝ ዓመቴ ቡሬ ላይ ሃምሳ ሳንቲም ከፍዬ የሰው ክንድ ሲቆረጥ ያየሁ ሰው ነኝ። ቅር ይልህ እንደሆነ ብሎ አባቴን የጠየቀው የለም።

ጊዜው በእኛ አቆጣጠር 1980ዎቹ መጨረሻ ነው። ቪዲዮ ቤቱ ጭቃ ቤት ነው፣ መስኮቱ በጥቁር ላስቲክ ተሸፍኗል፣ ውስጡ ከባህር ዛፍ የተሠራ አግዳሚ ተደርድሯል፣ ከፊት ከፍ ብሎ አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ዴክ ተቀምጧል። በሩ ላይ ካርቶን ተሰቅሎ በእስክሪብቶ «ዛሬ በ8 ሰዓት ኮማንዶ» ተብሎ ተጽፎበታል። ቡሬ እንደምታውቁት መስቀለኛ መንገድ ናት። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈውም፣ ወደ ነቀምት የሚታጠፈውም መኪና እዚያ ይቆማል። ካሴቱም የሚመጣው በሹፌሮች እጅ ነበር። ከተቀዳው ላይ የተቀዳ ስለሆነ ሰው ሁሉ ፊቱ አረንጓዴ ነው። ለብዙ ዓመት ፈረንጅ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

እንግሊዝኛ የሚሰማ የለም። ስለዚህ የባለቤቱ ዘመድ የሆነ አንድ የአስረኛ ክፍል ተማሪ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ ይተረጉምልናል። ይተረጉማል ስል፣ የመሰለውን ይናገራል ማለቴ ነው። ኮማንዶን ሲተረጉምልን ጸቡ የመሬት ነው አለን። ክፉዎቹ የአክተሩን ርስት ሊነጥቁ ልጁን አገቱበት። ሁላችንም ወዲያው ገባን፣ ከጎጃም ልጅ የመሬት ጸብ ይሰወራል? አሜሪካ መጥቼ ፊልሙን እንደገና ሳየው መሬት የሚባል ነገር የለበትም። ሰውዬው አንድ ፕሬዚዳንት እንዲገድልላቸው ነው ልጁን የወሰዱበት። እውነቴን ነው፣ የአስረኛ ክፍሉ ታሪክ ይሻላል።

ባለቤቱ ጋቢ ለብሶ በሩ አጠገብ ይቀመጣል። መሳሳም ሲመጣ ፊልሙን በቃሉ ስለሚያውቀው ቀድሞ ይነሳና ጋቢውን ቴሌቪዥኑ ላይ ጣል ያደርገዋል። ድምፁን ግን አይቀንሰውም። እኛ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብለን ጋቢ እያየን እናዳምጣለን። ሲያልቅ ጋቢውን አንስቶ ትከሻው ላይ መልሶ ይቀመጣል። አንገት ሲቀነጠስ፣ ሰው በእሳት ሲቃጠል፣ ጋቢው ከትከሻው ንቅንቅ አይልም።

ከኋላ አግዳሚ የቀድሞ ሠራዊት የነበሩ አንድ ሰውዬ ነበሩ። ደርግ ሲወድቅ ከግንባር በእግራቸው የመጡ ናቸው ይባላል። እሳቸው ፊልም እያዩ ይናደዱ ነበር። «ጥይቱ አያልቅም እንዴ? መትረየስ በአንድ እጅ ይተኮሳል? ይሄ ሰውዬ መሬት አይዝም?» ይላሉ። እኛ ደግሞ ባንድ ድምፅ «አክተር አይሞትም!» እንላቸዋለን። እሳቸው ዝም ይላሉ። አሁን ሳስበው ያ ዝምታ ሌላ ነገር ነበር።

ኮማንዶ ላይ አክተሩ የእቃ ቤት ውስጥ ተከቦ ክብ የመጋዝ ስለት እንደ ሰሃን የሚወረውርበት ቦታ አለ። ያንን ባየን ማግስት ከወንድሜ ጋር የቲማቲም ቆርቆሮ ክዳን ሰበሰብን። ጠርዙን ድንጋይ ላይ ሳልነው። እኔ አክተር፣ እሱ ጠላት። ሦስተኛው ክዳን ቅንድቡን ሰነጠቀው። ደሙ ዓይኑ ውስጥ ሲገባ አላለቀሰም፣ «ሞቻለሁ በቃ?» አለኝ። ለእማዬ ከድንጋይ ካብ ላይ ወደቀ አልናት። ጠባሳው ዛሬም አለ፣ እዚያ ቦታ ላይ ቅንድብ አይበቅልለትም።

እና ለዚያች እናት «ኧረ ችግር የለውም፣ እኛ ስንቱን አይተን ምን ሆንን?» ብዬ ልመልስላት ጀመርኩ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ጣቴ ቆመ። ቻኪን ታስታውሳላችሁ? ያቺ ቢላ የያዘች አሻንጉሊት። የ1988 ፊልም ነው፣ በፈረንጁ። እሱን ያየሁ ማታ ሽንት ቤት ለመውጣት ፈርቼ የተኛሁበት ላይ ሸናሁ፣ በዘጠኝ ዓመቴ። ይሄው ዛሬ የ40 ዓመት ሰው ሆኜ፣ ልጄን አስተኝቼ መብራት ከማጥፋቴ በፊት አሻንጉሊቷን ወደ ግድግዳ አዞራታለሁ። ልጄ ለምን እንደሆነ ጠይቃኝ ታውቃለች። ብርድ እንዳይመታት ነው አልኳት።

ምን ሆንን ማለት እችላለሁ እንግዲህ? እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?

ከዳንግላ፣ አሁን ፍራንክፈርት፦

ወንድሜ፣ ጋቢው ገደለኝ። እኛ ጋ ካርቶን ነበር።

እዚህ ጀርመን ነገሩ ለወላጅ አይተውም። ፊልም ሁሉ ላይ ኤፍኤስካ የሚባል የዕድሜ ምልክት አለ፦ 0፣ 6፣ 12፣ 16፣ 18። 12 የተባለውን ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ ከአባቱ ወይ ከእናቱ ጋር ሆኖ ሲኒማ ገብቶ ማየት ይችላል። 16 የተባለውን ግን 15 ዓመት ከሆነው አባቱም ይዞት ቢሄድ አይገባም። ይሄንን በራሴ ላይ ነው የተማርኩት። ልጄን ይዤ ሄድኩ፣ ትኬት ቆራጯ መታወቂያ ጠየቀችው። «አባቱ እኔ ነኝ» አልኳት። «ይገባኛል፣ ግን 16 አልሞላውም» አለችኝ። አባቱ ነኝ እያልኩ ሦስቴ ደገምኩት፣ ያልሰማችኝ መስሎኝ። ልጄ በሃፍረት መሬት ሊገባ ምንም አልቀረው። ወጥተን ኬባብ በልተን ተመለስን።

መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። የኔን ልጅ እኔ አላውቀውም? በኋላ ግን ቀለለኝ። ቤት ውስጥ «አይቻልም» የምለው እኔ ብቻ መሆኔ ቀረ፣ አሁን መንግሥትም ያግዘኛል።

ከፍኖተ ሰላም፣ አሁን ዴንቨር፦

እዚህ ሲኒማ ቤት አራት ዓመት ሠርቻለሁ፣ ስለዚህ ትንሽ ላስተካክል። አሜሪካ ውስጥ ምልክቱ ሕግ አይደለም። በፈረንጁ ከ1968 ጀምሮ የፊልም ሠሪዎቹ ማኅበር ራሱ የሚሰጠው ነው፣ ሲኒማ ቤቶቹ ደግሞ በፈቃዳቸው ያስከብሩታል። ፒጂ 13 የሚባለው መጀመሪያ አልነበረም፣ በ1984 ነው የተጨመረው። ኢንዲያና ጆንስና ግሬምሊንስ የሚባሉት ፊልሞች ለልጆች ይከብዳሉ ብለው ወላጆች ስለጮኹ። አር የተባለውን ከ17 በታች የሆነ ልጅ ብቻውን አይገባም፣ ከወላጅ ጋር ከሆነ ግን ይገባል።

ኮማንዶ አር ነው። ቻኪም አር ነው። እኔ በር ላይ ቆሜ የ16 ዓመት ጎረምሳ ስመልስ፣ እነዚህን በስምንት ዓመቴ ማየቴን እያሰብኩ በሆዴ እስቅ ነበር። ደግሞ አንዳንዱ ወላጅ የሦስት ዓመት ሕፃን ታቅፎ የማታ ዘጠኝ ሰዓቱን አስፈሪ ፊልም ሊያይ ይመጣል። በፈረንጅ ዘጠኝ ማለቴ ነው። ሕፃኑ ሲያለቅስ ውጭ ይዞት የሚቆመው ማን ይመስላችኋል? እኔ ነኛ።

ከሞጣ፣ አሁን ዳላስ፦

ሁላችሁም የረሳችሁት አለ። በፈረንጁ 2004 የወጣው የክርስቶስ ስቅለት ፊልም እሱም አር ነው! እዚህ መጥቼ ሳውቅ ማመን አቃተኝ። ሌላውን ፊልም ተደብቄ ነው ያየሁት፣ ይሄንን ግን እናቴ እጄን ይዛ ነው የወሰደችኝ፣ በሰሞነ ሕማማት፣ ነጠላዋን አጣፍታ። ሰው ሁሉ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ቪዲዮ ቤት ሲገባ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ግርፋቱ ላይ ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ ያለቅሳሉ። እኔ ነጠላዋ ውስጥ ልደበቅ ስል እናቴ ፊቴን ይዛ «እይ፣ ላንተ ነው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ያየሁት ቻኪ ምንም አልመሰለኝም።

ከደብረ ማርቆስ፣ አሁን ሚኒሶታ፦

እኔ እየነገርኳት ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። ሁላችሁንም አስነበበችኝ፣ ስስቅ ዋልኩ፣ እድሜ ይስጣችሁ።

እናንተ ተደብቀን ነበር ትላላችሁ። ልጆቼ፣ ማን ነው የተደበቀው? ቁንጫው ይነግረኝ ነበር። ያ አግዳሚ ቁንጫ እንደ ጤፍ ነው የሚፈላበት። ቤተ መጻሕፍት ነበርን ብለው ይመጣሉ፣ ገና ሳይቀመጡ እግራቸውን ማከክ ይጀምራሉ። ቤተ መጻሕፍት ቁንጫ አለ? ደግሞ ልብሳቸው ሲጋራ ሲጋራ ይላል። የስኳር መግዣ ብዬ የሰጠሁት ሁልጊዜ ስሙኒ ይጎድለዋል፣ ባለ ሱቁ ጨመረ ይሉኛል።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። እኔ ፊልሙን አልነበረም የምፈራው። ፊልም ምን ያደርጋል፣ እኔ ቀይ ሽብርን ያየሁ ሰው ነኝ። የምፈራው ቤቱን ነበር። ጨለማ ነው፣ በሩ ከውስጥ ይዘጋል፣ ትልልቅ ወንዶች ከትንንሽ ልጆች ጋር ተጣበው ይቀመጣሉ፣ ጠጥቶ የመጣም አለ። በዚያ ጨለማ ልጄ ከማን አጠገብ እንደተቀመጠ አላውቅም። ለዚህ ነበር ልምጭ ይዤ በር ላይ የምቆመው። ልጆቼ ግን ፊልም የጠላሁ ነው የሚመስላቸው፣ ምክንያቱን ነግሬያቸውም አላውቅ። እንደዚያ ያለ ነገር ለልጅ በምን አፍ ይነገራል?

አንተ የቡሬው ልጄ፣ ያቺ ፈረንጅ ሸጋ ሴት ናት። ስለ ፊልሙ ጠየቀችህ። አንተም ማታ ቤት ውስጥ ማን ማን እንደሚያድር ጠይቃት። ነውር የለውም።

ከዳንግላ፣ አሁን ፍራንክፈርት፦

እማማ፣ ቁንጫውን ሲሉ እግሬን በላኝ።

ከቡሬ፣ አሁን ሲያትል፦

እማማ፣ ቃልዎን ካነበብኩ በኋላ ለሴትዮዋ ጻፍኩላት። ፊልሙ ችግር የለውም፣ ግን ማታ ቤት ውስጥ እነማን አሉ አልኳት። ትቆጣለች ብዬ ስፈራ ወዲያው መለሰች፦ እሷ፣ ባሏ፣ የባሏ እናትና አንድ ድመት። ስለጠየቅኸኝ አመሰግናለሁም አለችኝ። ልጄ ሄዳ አደረች። ፊልሙን ጠየቅኳት፣ ግማሹ ላይ ተኝተናል አለች።

ቅዳሜ ማታ ደግሞ ኮማንዶን ከፈትኩላት። አትፍረዱብኝ፣ አስቀድሜ ብቻዬን አይቼው የሚታለፈውን ቦታ ጽፌ ይዣለሁ። በእጄ ላይ ጋቢ አልነበረኝም፣ ሪሞት ነበር። ልክ እንደ ባለቪዲዮ ቤቱ ቀድሜ እየተነሳሁ ሳሳልፍ እኔንም ሳቄ መጣ። እኔ ያሳለፍኩት ግን ደም ደሙን ነው። 20 ደቂቃ ያህል አየችና «አባ፣ ይሄ ሰውዬ ጥይት አያልቅበትም?» አለችኝ። የኋላ አግዳሚው ሰውዬ ድምፅ ነው የመጣብኝ። አክተር አይሞትም አልኳት። አክተር ማለት ምን እንደሆነ ሳስረዳት ፊልሙን ረሳነው።

ከዚያ የመጋዙን ነገርና የአጎቷን ቅንድብ ነገርኳት። ወዲያው ደውልልኝ አለች። ቡሬ ጠዋት ነበር። ወንድሜ በቪዲዮ ታየ፣ እሷም ሰላም ሳትለው «አጎቴ፣ አባቴ በቆርቆሮ የመታህን ጠባሳ አሳየኝ» አለችው። እሱ ስልኩን ግንባሩ ላይ አስጠግቶ በኩራት አሳያት። ከጀርባው የእማዬ ድምፅ መጣ።

«የምኑን ጠባሳ ነው?»

ዝም አልን። ሁለታችንም፣ አንዱ ቡሬ አንዱ ሲያትል ሆነን፣ ትንፍሽ አላልንም። 30 ዓመት አልፎታል እኮ።

«ከካብ ላይ ወድቆ ነው ያላችሁኝ?» ስልኩን ከእጁ ስትቀበለው ስክሪኑ ላይ ጣሪያው ብቻ ታየኝ። ከዚያ ፊቷ መጣ። መነጽሯን አስተካክላ አየችኝና፣ «አንተ፣ የምትመጣው መቼ ነው?» አለችኝ።