ሲ ድራይቭ ቀይ ሆነ፣ ወርድ ሴቭ አላደርግም አለኝ፣ ድረሱልኝ!

ጥራዝ ቤት (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ጉድ ሆኛለሁ። የጽሕፈትና የፕሪንት ሥራ ነው የምሠራው። የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ 112 ገጽ እያስተካከልኩ ሴቭ ስለው ዲስኩ ሞልቷል ይለኛል። ልጁ እዚሁ ቁጭ ብሎ ፊት ፊቴን ያየኛል፣ ነገ ጠዋት ነው የሚያስረክበው። መብራት ዛሬ ብቻ ሁለቴ ሄዶ መጥቷል፣ የላፕቶፑ ባትሪ ደግሞ ከሞተ ቆይቷል። ትናንት ዴስክቶፕ ላይ የነበረውን ፊልም ሁሉ አጥፍቻለሁ፣ ግን ምንም አልቀነሰም። ቫይረስ ነው አይደል? ፎርማት ላድርገው?

ቻርጀር
ወንድሜ ሪሳይክል ቢንን ባዶ አድርገው።

ሾፌር አልባ
ኮምፒውተሩ ስንት ዓመቱ ነው? ጡረታ አውጣውና አዲስ ግዛ 😂

ጥራዝ ቤት (ጠያቂ)
ሴት ነኝ። አዲስ የምገዛበት ብር ቢኖረኝ እናንተን እለምን ነበር?

ጋሽ ዲስኬት
ልጄ፣ እኔ ሥራ ስጀምር ጽሑፍ የምናስቀምጠው 1.44 ሜጋ በምትይዝ ፍሎፒ ላይ ነበር። ቦታ ስለሌለ ሰው ይጠነቀቃል። እናንተ ግን ሰፊ ሲሰጣችሁ ዴስክቶፑን መጋዘን አደረጋችሁት። የሰው ሥራ ስትይዢ በደንበኛ ስምና በወር ፎልደር ይከፈታል። ሥራው ሲያልቅ አንዱ ኮፒ ኮምፒውተር ላይ፣ አንዱ ውጭ ሃርድ ዲስክ ላይ ይቀመጣል። ዓመት ያለፈው ከኮምፒውተሩ ይወጣል። ‘የተስተካከለ’፣ ‘የተስተካከለ አዲሱ’፣ ‘የመጨረሻ እውነተኛው’ የሚባሉ ሦስት ፋይሎች ጎን ለጎን ካሉሽ ችግሩ የዲስክ አይደለም። ደግሞም የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል፣ እሱንም አስቢበት።

ቻርጀር
ጋሼ ልጅቷ ቤቷ እየተቃጠለ ነው፣ እርስዎ ስለ ቤት አሠራር 😂

መፍቻ
እህቴ፣ ወርዱን እንዳትዘጊው! ፎርማት የሚባለውንም እርሺው፣ ፎርማት ካደረግሽ የልጁ ጽሑፍም አብሮ ይሄዳል። ዲ ድራይቭ፣ ማለትም ከሲ ሌላ የዲስክ ክፍል፣ አለሽ? ካለሽ አሁኑኑ ሴቭ አዝ ብለሽ እዚያ አስቀምጪው። ከሌለሽ ፍላሽ ላይ። እንቢ ካለሽ መጀመሪያ ሪሳይክል ቢንን ባዶ አድርጊና ድገሚው፣ ወርድ ሲሠራ ሲ ላይ ትንሽ ቦታ ይፈልጋል። ሌላው ወሬ ከዚያ በኋላ።

ጥራዝ ቤት (ጠያቂ)
ዲ ላይ ገባ!!! እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጁም ተነፈሰ። ሪሳይክል ቢን ውስጥ ያ ሁሉ ፊልም ቁጭ ብሎ ነበር ለካ። አሁን 3 ጊጋ ክፍት ይላል። ግን ከ58 ጊጋ 3 ምን ይሆናል፣ ነገ ተመልሶ ይሞላል። ዲ 407 ጊጋ ነው፣ 380ው ባዶ።

ሾፌር አልባ
ጓዳው ባዶ፣ ዕቃው ሁሉ በር ላይ 😂😂

ኔትወርክ የለም
ቫይረስ ነው። የኔም እንዲህ ሆኖ ነበር። ፍላሽ ከየቦታው ስትቀበሉ የሚመጣ ነው፣ አንቲቫይረስ ጫኚ።

መፍቻ
አይደለም። የፍላሽ ቫይረስ ብዙ ጊዜ ፋይል ይደብቃል፣ ሾርትከት ያደርጋል፣ 50 ጊጋ ግን አይበላም። ስካን ማድረጉ አይከፋም። እዚህ ጋ ግን ጥፋተኛው የታወቀ ነው። ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስና ዳውንሎድስ ሦስቱም የሚቀመጡት ሲ ውስጥ ነው። ብዙ ሰው ዴስክቶፕን እንደ ሌላ ቦታ ያየዋል። እህቴ፣ ደንበኞችሽ ፋይል በቴሌግራም ነው የሚልኩልሽ? ዳውንሎድስ ውስጥ ‘ቴሌግራም ዴስክቶፕ’ የሚል ፎልደር አለ። ራይት ክሊክ፣ ከዚያ ፕሮፐርቲስ በዪና ስንት እንደሆነ ንገሪን።

ጥራዝ ቤት (ጠያቂ)
19 ጊጋ!! ከ2014 ጀምሮ የላኩት ሁሉ አለ። የሰርግ ካርድ፣ ሲቪ፣ የታናሽ ወንድሜ ተከታታይ ፊልም ሳይቀር።

ቻርጀር
ሪሳይክል ቢንን ባዶ አድርጊ።

ሾፌር አልባ
አድርጋለች እኮ ወንድሜ፣ ተኝተህ ነበር?

መፍቻ
እንግዲህ ፎልደሩን ዲ ላይ ገልብጪው፣ መከፈቱን አይተሽ ከሲ አጥፊ። ከዚያ ቴሌግራም ሴቲንግስ፣ አድቫንስድ ውስጥ የዳውንሎድ ቦታውን ዲ ላይ ወዳለ ፎልደር ቀይሪው፣ አለዚያ በወሩ እዚሁ እንገናኛለን። እዚያው ማኔጅ ሎካል ስቶሬጅ የሚል አለ፣ ካሹን (ቴሌግራም ለጊዜው ያስቀመጣቸውን የፋይል ቅጂዎች) ማጽዳት ትችያለሽ፣ መልእክትሽ አይጠፋም። ዴስክቶፕንም ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ሎኬሽን፣ ሙቭ ብለሽ ማዛወር ይቻላል። ግን አደራ፣ መጀመሪያ ዲ ውስጥ አዲስ ፎልደር ክፈቺና እሱን ምረጪ። ዲን ራሱን ከመረጥሽ ዴስክቶፕና ዲ ይቀላቀሉብሻል፣ መመለሱ ራስ ምታት ነው። አንድ ደንበኛዬ ይህን አድርጎ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል።

ያልተጠየቀ
ዲስክ ክሊንአፕም አለ። ሲ ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ዲስክ ክሊንአፕ፣ ከዚያ ክሊን አፕ ሲስተም ፋይልስ የሚለውን ንኪ። ዊንዶውሱ በቅርብ አፕዴት ካደረገ ‘ፕሪቪየስ ዊንዶውስ ኢንስታሌሽን’ ብዙ ጊጋ ይዞ ሊገኝ ይችላል። ዝርዝሩን ሳታነቢ ሁሉንም ቲክ እንዳታደርጊ ግን። በአንዳንድ የዊንዶውስ 10 ቨርዥኖች ‘ዳውንሎድስ’ም እዚያው ተሰልፏል፣ የደንበኛ ፋይል ሙልጭ ብሎ ይሄዳል። ዊንዶውስ የሚለው ፎልደር ውስጥም ገብተሽ በእጅሽ አታጥፊ።

ኔትወርክ የለም
ዲፍራግመንት ብታደርገውስ?

ያልተጠየቀ
እሱ ፋይል ያደራጃል እንጂ ቦታ አይጨምርም። ሃርድ ዲስኩ አሮጌ ከሆነ ደግሞ ዛሬ ባይነካ ይሻላል።

ጋሽ ዲስኬት
ቅድም ውጭ ሃርድ ዲስክ ያልኩት ለዚሁ ነው። ዲም እኮ ያው አንዱ ዲስክ ነው፣ ለሁለት ተከፍሎ እንጂ። ሲወድቅ ሁለቱም ይወድቃሉ። ወደ ዲ አሳልፈሽ ኮፒ ያዝኩ እንዳትዪ።

መፍቻ
እዚህ ላይ ጋሼ ልክ ናቸው። የልጁን ጽሑፍ አሁኑኑ ፍላሽ ላይም ገልብጪ፣ ለራሱም በቴሌግራም ላኪለት።

ጥራዝ ቤት (ጠያቂ)
እሺ፣ 19ኙን ወደ ዲ እያሳለፍኩ ነው፣ 40 ደቂቃ ይቀረዋል ይላል። ወይ መብራቱ እንዳይ

ሾፌር አልባ
?

ቻርጀር
ሄደ 😂

ፀሐይ ግባት
ይቅርታ፣ እኔም ተመሳሳይ ችግር አለብኝ፣ የኔ ግን ስልክ ነው። ሪሳይክል ቢኑ የት ጋ ነው?